ዐሥር ጊዜ የለካው እንግዳ፤ የአንቷን ዳባዲ የሕይወት ታሪክ

ከጥንት ጀምሮ አገራችንን ለማየትና ለመመርመር ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ቍጥራቸው ጥቂት አይደለም። ከነርሱም አንዳንዶቹ ሃይማኖት ለመስበክ፥ አንዳንዶቹ ለንግድ፥ አንዳንዶቹም የዓባይን ምንጭ አየን ብለው ስም ለማትረፍ መጥተዋል። በኛ ቆላ በኩል እንኳ፥ ማለት ዛሬ መተማ በምንለው አገር፥ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1772 ከጎንደር ወርዶ ወደ ስናር አልፎ ሄዷል። እኔ ግን በዚህ መጽሔት ላይ የምጽፈው ከብሩስ በኋላ መጥቶ የአገራችንን ተራሮች በትዕግሥት ስለ ለካው ስለ ፈረንሳዊው ሊቅ ስለ አንቷን ዳባዲ ነው። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

ይህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በሒሳብ ትምህርታችን ስለ ስታቲስቲክስና ስለ ይሆናልነት፥ ማለት አንድ ነገር ሊሆን ስለሚችልበት መጠን፥ እንማራለን። አማካይ፥ የሚጠበቅ ዋጋ፥ የልኬት ስሕተት የሚባሉትን ቃላት መምህራችን ደጋግመው አስረድተውናል። ሆኖም ከመካከላችን ብዙዎች እነዚህ ነገሮች ለፈተና ብቻ የሚያገለግሉ ይመስላቸዋል። የዳባዲ ሕይወት ግን ለእነዚህ ቃላት ሥጋና ደም ይሰጣቸዋል። በትክክል የለካውም፥ የተሳሳተውም፥ ሁለቱም እኩል ያስተምራሉና።

አንቷን ዳባዲ በ1810 መጀመሪያ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ ከደቡብ ፈረንሳይ፥ ከባስክ አገር፥ በአብዮቱ ዘመን ተሰዶ የወጣ ሰው ነበር፤ እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። ታናሽ ወንድሙ አርኖ በዚያው በደብሊን በ1815 ተወለደ። ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ስለ ተመለሰ፥ ያደጉትና የተማሩት በፈረንሳይ ነው። አንቷን ከወጣትነቱ ጀምሮ አፍሪቃን ለመመርመር ያስብ ነበር። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢስ እንዲለካ ወደ ብራዚል ላከው፤ ከዚያም እንደ ተመለሰ ከወንድሙ ጋር ለኢትዮጵያ ጕዞ ተነሣ።

ሁለቱ ወንድማማቾች በየካቲት ወር 1838 ምጽዋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ወጡ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ንጉሥ ቢኖርም ሥልጣኑ በየጁው ራስ ዓሊ እጅ ነበር፤ እያንዳንዱም መስፍን በየአገሩ ጦር አሰልፎ ይዋጋ ነበር። አርኖ ከጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ጋር ወዳጅ ሆኖ በሠራዊታቸው ውስጥ ኖረ። አንቷን ግን ጦር ሳይሆን መጽሐፍና መለኪያ የሚወድ ሰው ነበር፤ ያገራችንን ልብስ ለብሶ ከሊቃውንት ዘንድ እየተቀመጠ ግእዝና አማርኛ ተማረ፥ የብራና መጻሕፍትንም ሰበሰበ። በፖለቲካም ነገር ለፈረንሳይ መንግሥትና ለካቶሊክ ሚሲዮናውያን ይረዳ እንደ ነበር ታሪክ አይሰውርም። ከመጣ ከጥቂት ወራት በኋላ መሣሪያዎቹ እንደማይበቁ ባየ ጊዜ፥ ወንድሙን በኢትዮጵያ ትቶ የተሻሉ መሣሪያዎች ለማምጣት ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኤውሮፓ ተመለሰ። በሌለው መሣሪያ ግምት ከመጻፍ ይልቅ ባሕር ተሻግሮ መመለስን መረጠ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ካርታ አብዛኛው ባዶ ነበር፤ የተጻፈውም ቢሆን ስሕተት የሞላበት ነበር። የአንድን ከተማ ቦታ በካርታ ላይ ለማስቀመጥ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደ ራቀ፥ ሁለተኛው ከአንድ ከታወቀ ቦታ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደ ራቀ ነው። የመጀመሪያው ብዙ አያስቸግርም፤ የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ መለካት ይበቃል። ሁለተኛው ግን የመንገደኞች ሁሉ መከራ ነበር። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ስለምትዞር፥ የምሥራቅና የምዕራብ ርቀት የሚታወቀው በሁለቱ ቦታዎች የሰዓት ልዩነት ነው። ስለዚህ መንገደኛው የፓሪስን ጊዜ የሚቈጥር ሰዓት ይዞ መዞር ነበረበት። ይህ ሰዓት አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሳሳት፥ በጎንደር አካባቢ ቦታውን 27 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛባዋል። በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ቁልቁለት ሲወርድ፥ ዛሬ የቆላ ሐሩር ነገ የደጋ ውርጭ ሲፈራረቅበት፥ ከትክክለኛው ጊዜ ዝንፍ የማይል ሰዓት ከወዴት ይገኛል?

ስለዚህ ዳባዲ በሰዓት ከመታመን ይልቅ በተራሮች ታመነ። ቴዎዶላይት የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ ይዞ ወደ ከፍታ ይወጣና፥ በዙሪያው ወደሚታዩት ጫፎችና ዐምባዎች እያነጣጠረ የያንዳንዱን ማዕዘን ይመዘግብ ነበር። ከዚያም ወደ ሌላ ተራራ ተሻግሮ እነዚያኑ ቦታዎች እንደገና ይለካቸዋል። በጂኦሜትሪ እንደ ተማርነው፥ አንድ ቦታ ከሁለት ተራራ ከታየ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የቦታው መገኛ ነው። ማዕዘኑ በዲግሪ ስድሳኛ እጅ ቢሳሳት እንኳ፥ 100 ኪሎ ሜትር በራቀ ተራራ ላይ የሚያመጣው ስሕተት 29 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ከሰዓቱ 27 ኪሎ ሜትር ጋር ያስተያየ ሰው የዳባዲን ብልኃት ይረዳል። አሠራሩንም ፈጣን የምድር ልኬት ብሎ ሰየመው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሦስተኛው ተራራ ነገር ነው። ሁለት መስመሮች ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ሁለት ልኬት ብቻ ያለው ሰው ስሕተቱን ሊያይ አይችልም። ከሦስተኛ ተራራ የመጣው መስመር ሲጨመር ግን ሦስቱ በአንድ ነጥብ አይገጥሙም፤ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ትቀራለች። ያች ሦስት ማዕዘን ስሕተቱ ናት። ሰነፍ ሰው ሦስተኛውን ልኬት ትቶ ካርታዬ ንጹሕ ነው ይላል፤ ትጉህ ሰው ግን ሦስተኛውን ጨምሮ ስሕተቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቃል። ስሕተት የማይታይበት ሥራ ስሕተት የሌለበት ሥራ አይደለምና።

የከፍታ ልኬትም እንዲሁ ነበር። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ በጎንደር በ93 ዲግሪ ገደማ፥ በራስ ደጀን ጫፍ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ውሃ አፍልቶ በጥሩ ቴርሞሜትር የለካ ሰው የተራራውን ከፍታ ማስላት ይችላል። ነገር ግን በግምት 300 ሜትር ከፍታ አንድ ዲግሪ ስለሆነ፥ የዲግሪ ዐሥረኛ እጅ ስሕተት 30 ሜትር ያህል ያሳስታል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። በዚህ ልኬት ሁለት ዓይነት ስሕተት ይገባል። የመጀመሪያው የአጋጣሚ ስሕተት ነው፤ ዛሬ አየሩ ይከብዳል ነገ ይቀላል፥ የለካው ሰው ዓይንም አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ይህ ወደ ሁለቱም ወገን ስለሚወዛወዝ፥ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን ቢወስዱት እርስ በርሱ ይጣፋል። ሁለተኛው ግን ያዘነበለ ስሕተት ነው። የቴርሞሜትር ብርጭቆ ሲያረጅ በጥቂቱ ይኮማተርና ሁልጊዜ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል። እንዲህ ባለ ቴርሞሜትር ውሃውን መቶ ጊዜ ቢያፈሉት መቶ ጊዜ ያንኑ ሐሰት ይናገራል።

የይሆናልነት ትምህርትም ይህንኑ በቍጥር ያስረዳል። አንድ ደኅና ሳንቲም መቶ ጊዜ ቢወረወር፥ ዘውድ የሚወጣበት የሚጠበቀው ቍጥር 50 ነው። ይህ ማለት ግን የግድ 50 ይወጣል ማለት አይደለም፤ 46 ወይም 53 ቢወጣ አያስገርምም፥ ከ40 በታች ወይም ከ60 በላይ ቢወጣ ግን ሳንቲሙን መጠርጠር ይገባል። ልኬትም እንዲሁ ነው። የአጋጣሚውን ስሕተት በግማሽ ለማሳነስ አራት ጊዜ፥ ወደ ዐሥረኛ እጅ ለማውረድ መቶ ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። አማካዩም ቀስ በቀስ ወደሚጠበቀው ዋጋ ይጠጋል። ነገር ግን የሚጠበቀው ዋጋ ከእውነቱ ጋር አንድ የሚሆነው መሣሪያው ያላዘነበለ እንደ ሆነ ብቻ ነው። አባቶቻችን ዐሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ ይላሉ፤ መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ገመዱ ራሱ አጭር ከሆነ ዐሥር ጊዜ መለካት ምን ይረባል?

ዳባዲ ከ1848 በኋላ ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ በሺሕ የሚቈጠሩ ማዕዘናት በመዝገብ ይዞ ነበር። እነዚያን ቍጥሮች እርስ በርሳቸው ማስታረቅ ከመለካቱ የማያንስ ሥራ ሆነ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሒሳባዊ መንገድ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር፤ ፈረንሳዊው ለዣንድር በ1805፥ ጀርመናዊው ጋውስ በ1809 የአነስተኛ ካሬዎችን ዘዴ አሳትመዋል። ዘዴው በአጭሩ ይህ ነው፤ ልኬቶቹ ባይስማሙ፥ የልዩነቶቻቸው ካሬ ድምር ከሁሉ የሚያንስበትን መልስ ምረጥ። ዳባዲም ራዶ ከሚባል የሒሳብ ሊቅ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን የምድር ልኬት የሚናገረውን ትልቁን መጽሐፉን ከ1860 እስከ 1873 ድረስ እየከፋፈለ አሳተመ። መጽሐፉ ዐሥር ካርታዎች አሉት። መንገደኛው ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ልኬቶቹንም ስላተመ፥ ከርሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ሥራውን ሊመረምረው ቻለ።

አሁን ወደ አሳዛኙ ክፍል እንመጣለን። በ1843 ዳባዲ ከዓባይ ማዶ ወደ ኢናርያ፥ ከዚያም ወደ ከፋ ዘልቆ ነበር። በ1846 ደግሞ ከወንድሙ ጋር ወደ ኢናርያ ተመልሶ የግቤን ወንዝ ምንጭ አገኘ፤ ይህም የነጭ ዓባይ ዋና ምንጭ ነው ብሎ አመነ። ለኤውሮፓም ሊቃውንት ይህንኑ አስታወቀ። እንደምናውቀው ግን የግቤ ውሃ ከጎጀብ ጋር ተገናኝቶ ኦሞ ይሆንና ወደ ደቡብ ወርዶ በቱርካና ሐይቅ ያበቃል፤ ከዓባይ ጋር ከቶ አይገናኝም።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ፥ እርሱም በጎጃም ተዘዋውሮ የለካ ሰው፥ ዳባዲን አጥብቆ ተቃወመው። ክርክሩ እጅግ መራራ ከመሆኑ የተነሣ ቤክ ዳባዲ ከፋን ማየቱን እንኳ ተጠራጠረ፤ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሸለመውንም የወርቅ ሜዳይ መለሰ። በ1862 ስፒክ የነጭ ዓባይን ውሃ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። በ1896 ደግሞ የጣሊያኑ የቦቴጎ ጓዝ የኦሞን መድረሻ አረጋገጠ። ዳባዲ ያን ጊዜ የ86 ዓመት ሽማግሌ ነበር።

እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው እንዴት ተሳሳተ? እኔ እንደ መሰለኝ፥ በማዕዘኖቹ ላይ ያደረገውን በወንዙ ላይ ስላላደረገ ነው። የግቤን ምንጭ በዓይኑ አየ፥ ቦታውንም በመሣሪያ ለካ፤ ያ ልኬት መልካም ነበር። ወንዙ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ግን ተከትሎት አልወረደም፤ ከሰው የሰማውን ከራሱ ግምት ጋር አገናኝቶ ደመደመ። ከአንድ ወገን የሚመጣ ወሬ ስንት ጊዜ ቢደጋገም፥ ባዘነበለ ሚዛን ደጋግሞ እንደ መመዘን ነው፤ ብዛቱ እውነት አያደርገውም። ለተራሮቹ ሦስተኛ ተራራ ፈልጎላቸው ነበር፤ ለወንዙ ግን አልፈለገለትም። ደግሞም ተስፋ ራሱ ሰውን ያዘነብላል። የዓባይን ምንጭ ለማግኘት ብዙ ዓመት የደከመ ሰው፥ ያገኘው ውሃ ሁሉ ዓባይ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ልኬቱ ይፈርድበታል።

ስለዚህ ስሕተት ብቻ ዳባዲን መናቅ ግን ታላቅ በደል ይሆናል። የሰበሰባቸውን የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በ1859 አሳተመ፤ 234 መጻሕፍት ናቸው፥ ዛሬም በፓሪስ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1881 ትልቁን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። ዕድሜው ከ70 በላይ ሆኖ ሳለ፥ ዝሁራ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመለካት በ1882 ወደ ሄይቲ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ለአባቶቹ ቋንቋ ለባስክም ብዙ ደከመለት።

በባስክ አገር በእንዳይ ከተማ አጠገብ፥ በባሕር ዳር፥ አባዲያ የሚባል ግንብ አሠራ፤ ሥራው ከ1864 እስከ 1879 ቆየ። በግንቡ ውስጥ የኢትዮጵያ ሰዎች ሥዕል በግድግዳ ላይ ተሥሏል፤ በምግብ ቤቱም ወንበሮች ላይ የኛ ፊደላት ተቀርጸዋል። ከግንቡ አንዱ ክፍል የከዋክብት መመልከቻ ነው። በዚያ ቤት አንድ የሚያስተምር ነገር አለ። ዳባዲ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጐብጥ ለመለካት ፈልጎ፥ በግንቡ ግድግዳዎች ውስጥ ወደ ሩቅ ተራራ የሚያሳይ ቀዳዳ አስበሳ። ሙከራው ግን ከሸፈ፤ በቀዳዳው ተራራው አልታይ አለ። ቀዳዳውን በኖራ ደፍኖ ነገሩን መደበቅ ይችል ነበር። እርሱ ግን ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ለሚመጣው ሁሉ እንዲታይ ተወው። ይህ ጽሑፍ ከብዙ ሜዳይ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አንቷን ዳባዲ በመጋቢት ወር 1897 በ87 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ። ልጅ አልነበረውም፤ ግንቡንና ርስቱን ለሳይንስ አካዳሚ አወረሰ። ያኖረውም ግዴታ፥ በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲሠራ ነበር። በሕይወቱ መጨረሻ እንኳ ያሰበው ስለ መለካት ነው።

ውድ አንባቢያን፥ ይህ ታሪክ ለኛ ለአብደራፊ ወጣቶች ምን ይነግረናል? እኛ የምንኖረው በሚዛን ነው። በዚህ ቆላ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ ይመረታል፤ የሰው ድካም ሁሉ በመጨረሻ ወደ ኩንታል ይለወጣል። አንድ ሚዛን በኩንታል ሁለት ኪሎ ቢሰርቅ፥ 50 ኩንታል ሰሊጥ ያስመዘነ ገበሬ አንድ ሙሉ ኩንታል አጣ ማለት ነው። ያም ገበሬ ተጠራጥሮ በዚያው ሚዛን ሦስት ጊዜ ቢያስመዝን፥ ሦስቱም ስለሚስማሙለት ረክቶ ይሄዳል። መስማማታቸው ግን የሚዛኑን ጽናት እንጂ እውነተኛነቱን አያሳይም። መድኃኒቱ በሌላ ሚዛን መመዘን፥ ወይም ክብደቱ የታወቀ ነገር ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ መፈተን ነው። ይህ ለገበሬው የዳባዲ ሦስተኛ ተራራ ነው።

ዝናምም እንዲሁ ነው። አማካዩ ዝናም ይህን ያህል ነው ሲባል፥ በየዓመቱ ያን ያህል ይዘንማል ማለት አይደለም። የሚጠበቀውን ብቻ የሚያውቅ ሰው በሚጐድልበት ዓመት ይራባል፤ የሚጠበቀውንና የሚወዛወዝበትን መጠን ያወቀ ግን ጎተራውን ያዘጋጃል። መንግሥት ሲያቅድ፥ ነጋዴ ሲገዛ፥ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ፥ ሁሉም ይህንኑ ማወቅ ያስፈልገዋል።

ዛሬ በእጅ የሚያዝ ስልክ ከሰማይ ሳተላይቶች ተቀብሎ የቆምንበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ስሕተት ይነግረናል። ሆኖም የልኬት ነገር አላለቀም። ታላቁ ተራራችን ራስ ደጀን በብዙ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ሲባል ኖሮ፥ አሁን 4,550 ሜትር ይባላል። ተራራው አላጠረም፤ የኛ ዕውቀት ነው የተስተካከለው። ከደጋው ወርዶ ባካባቢያችን የሚያልፈው የአንገረብ ውሃ ደግሞ ወደ አትባራ፥ በአትባራም ወደ ዓባይ ይገባል። ዳባዲ በኢናርያ የፈለገው የዓባይ ውሃ በኛ ደጅ ያልፋል ማለት ነው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች መሣሪያ ስንይዝ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቍጥሩ ጋር የሚመጣውን ስሕተት አብረን መጻፍ እንልመድ። መልሱ ደስ ባሰኘን ጊዜ ይልቁን እንጠርጥረው፤ ከሌላ ወገንም እንፈትነው። በዚህ መንገድ ያገራችንን ምድርና ሀብት ራሳችን ለክተን ብናውቅ፥ ከሩቅ መጥቶ በድካሙ የቀደመንን ሰው በጎውን ወርሰን ስሕተቱንም አርመን እናከብረዋለን።